ቁልፉ የመደቡ ነው

ከባሕር ዳር ስልክ ይደወላል። «ኤኒዴስክ ክፈትና ቁጥሩን አንብብልኝ።» ወረታ ያለው ልጅ ቁጥሩን ያነባል፣ «ተቀበል» የምትለዋን ይጫናል፣ ከዚያ እጁን አጣጥፎ ማውሱ በገዛ ስክሪኑ ላይ ብቻውን ሲራወጥ ያያል። የሰርቨሩን ፓስወርድ ቢሮው በሙሉ ያውቀዋል፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም ሆኖ መጨረሻው ላይ 123 አለበት። ሲስተሙ ይነሣል፣ ደመወዝ ይወጣል፣ ተመራርቀው ስልኩን ይዘጋሉ። ችግሩ የሚመጣው ከዓመት በኋላ ኦዲተር መጥቶ «ያን ቀን ሰርቨሩ ላይ የገባው ማን ነው?» ሲል ነው። መዝገቡ ላይ ያለው «አድሚን» የሚል ስም ብቻ ነው፤ አድሚን ደግሞ ሁሉም ሰው ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ሲስተም ውስጥ መግባትን ወንጀል ያደርገዋል፤ ነገር ግን ማን እንደተፈቀደለት የትም ካልተጻፈ፣ ያልተፈቀደለትን ለይቶ ማውጣት አይቻልም።

በዚህ ማማረር ይቻል ነበር። እኔ ግን የምወደው ያንኑ ሥራ በአዋቂ እጅ ተሠርቶ ማየት ነው። ከሩቅ ሆኖ ብዙ ሰርቨሮችን የማስተዳደር ሥራ ከውጭ ሲያዩት ደረቅ ነው፤ ቀረብ ብለው ፋይሎቹን አንድ በአንድ ሲገልጡ ግን የሠሪው ጥንቃቄ፣ አንዳንዴም ተንኮሉ፣ ወለል ብሎ ይታያል።

ወረታ ለእንዲህ ያለው ሥራ ጥሩ መፈተኛ ናት። ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በጎንደር መንገድ ላይ ያለች፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ የሚገነጠልባት፣ ደረቅ ወደብ ያላት፣ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኝባት ከተማ ናት። ባንኩም፣ የወረዳው ፋይናንስም፣ ወደቡም ሥራቸው ሌላ ከተማ ካለ ማሽን ጋር የተሳሰረ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብለው ወደ ቁሐር ሚካኤል ሲያቀኑ ሜዳው ይቀበልዎታል፤ በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ውሃ የሚተኛበት፣ ሩዝ የሚያበቅል ሜዳ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የፎገራና የሊቦ ከምከም ወረዳዎችን ያጥለቀለቀውን ጎርፍ የሚያስታውስ ሰው «ባለሙያው ሄዶ ያስተካክለው» የሚለው መፍትሔ ሁልጊዜ እንደማያዋጣ ያውቀዋል። መንገድ ይዘጋል። መብራት ይጠፋል። መስመር ይቋረጣል። ሰውም ይዛወራል።

ከሰው ዝውውር እንጀምር። በመንግሥት ቤት ያለ ሁሉ እንደሚያውቀው የሥራ መደብ የራሱ መታወቂያ ቁጥር አለው። ሰው ይመደብበታል፣ ይዛወራል፣ ጡረታ ይወጣል፤ መደቡ ግን ባለበት ይቆያል። የቁሐር ሚካኤል ምእመን ይህን ለመረዳት ኮምፒውተር አያስፈልገውም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ቁልፍ የገበዙ ነው እንጂ የቄስ እገሌ አይደለም፤ ገበዝ ሲለወጥ ንዋዩ ተቆጥሮ ቁልፉ ለተተኪው ይተላለፋል፣ ጓጉንቸር አይሰበርም፣ በር አይነቀልም። ዳይሬክተሪ ውስጥ ያለ ግሩፕም ሥራው ይኸው ነው። ሰርቨሩ የሚያውቀው ግሩፑን ነው፤ በግሩፑ ውስጥ ዛሬ ማን እንዳለ አንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜ ይጻፋል።

ዳይሬክተሪ ማለት በአጭሩ የሰውና የማሽን መዝገብ ነው፤ ማን ማን እንደሆነ፣ የየትኛው ክፍል እንደሆነ፣ ምን ምን ውስጥ እንዳለ የሚናገር። እ.ኤ.አ. በ1988 ኤክስ.500 የሚባል ከባድ ደረጃ ወጣለት፤ በ1993 ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያንን ከባድ ነገር አቅልለው ኤልዳፕን ሠሩ፤ በ2000 ደግሞ ማይክሮሶፍት አክቲቭ ዳይሬክተሪን ከዊንዶውስ 2000 ጋር አወጣ። ከዚያ ወዲህ የቢሮ ኮምፒውተር ባለበት ቦታ በብዛት ከእነዚህ አንዱ ይገኛል።

የአዋቂ እጅ የሚታወቀው ግሩፖቹን በሰየመበት አሰያየም ነው። ያልተጠነቀቀ ሰው መዝገብ ሲከፈት «ኒው ግሩፕ 2»፣ «ቴስት»፣ «የአለቃ» የሚሉ ስሞች ይወጣሉ። የተጠነቀቀው ሰው መዝገብ ግን ራሱን ያስረዳል። አንደኛው ረድፍ ላይ የሰዎች ግሩፕ አለ፦ «ፎገራ-ኢኮቴ-ባለሙያ»። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የሥልጣን ግሩፕ አለ፦ «ፋይናንስ-ሰርቨር-ጥገና»። የመጀመሪያው ለሁለተኛው አባል ይሆናል፤ ሁለተኛው ብቻ ሰርቨሩ ላይ ይጻፋል። ይህ ሁለት ደረጃ ለጀማሪ ትርፍ ድካም ይመስለዋል። ባለሙያው ሲዛወር ግን የሚነካው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ሰርቨሩ ሲለወጥ የሚነካው ሁለተኛው ብቻ ነው፤ አንዱ ለውጥ ሌላውን አያናጋም። ከእያንዳንዱ ግሩፕ ሥር ደግሞ ብዙ ሰው ባዶውን የሚተወው የማብራሪያ ቦታ አለ። እዚያ «በማን ጥያቄ ተከፈተ፣ ለምን፣ መቼ ይታያል» የሚል አንድ መስመር ካገኘሁ፣ የቀረውን ሥራ ሳላይ ሠሪውን አምነዋለሁ። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ደግሞ የሙሉ ሥልጣኑ ግሩፕ ባዶ ወይም ባዶ ሊሆን ምንም ያልቀረው ሆኖ መገኘቱ ነው።

አሁን ወደ ሰርቨሩ እንግባ። በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ከሩቅ መግቢያው ኤስኤስኤች ነው፤ ፊንላንዳዊው ታቱ ኡሎነን እ.ኤ.አ. በ1995 በሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ ፓስወርድ ሲጠለፍ አይቶ የሠራው። ኮንፊግ ፋይሉ ብዙ መስመር አለው፤ ለእኛ ነገር የሚበቃው ግን አንድ መስመር ነው፦ «እነዚህ ግሩፖች ይግቡ» የሚለው። መስመሩ ከተጻፈ ከተዘረዘሩት ግሩፖች ውጭ ያለ ሁሉ፣ ፓስወርዱን በትክክል ቢያውቅ እንኳ፣ በሩ አይከፈትለትም። ያማረ አጭር ሕግ ነው፤ አደጋውም ከውበቱ አይለይም። ሰርቨሩ የግሩፑን አባላት የሚያውቀው ዳይሬክተሪውን ጠይቆ ነው። የባሕር ዳሩ መስመር ተቋርጦ ዳይሬክተሪው ዝም ቢልስ? ሰርቨሩ «ይህ ሰው የየትኛውም ግሩፕ አባል አይደለም» ብሎ ራሱን ሊጠግን የመጣውን ሰው ደጅ ላይ ያቆመዋል።

ጥሩ ሠሪ ይህን ቀድሞ ያየዋል። በዚያ መስመር ላይ ከዳይሬክተሪው ግሩፕ ቀጥሎ ሁለተኛ ስም ያስገባል፦ በሰርቨሩ በራሱ ላይ ብቻ ያለ፣ አንድ አካውንት ብቻ የያዘ፣ ፓስወርዱ በፖስታ ታሽጎ በካዝና የተቀመጠ «አደጋ-ጊዜ» የሚባል ግሩፕ። ሰርቨሩን ከዳይሬክተሪው ጋር የሚያገናኘውን ኤስኤስኤስዲን ደግሞ ከዚህ በፊት የገቡትን ሰዎች ማንነት በማስታወሻው እንዲይዝ ያዘዋል፤ መስመር ቢጠፋም ትናንት የገባ ባለሙያ ዛሬ እንዲገባ። ዊንዶውስም በነባሪ በመጨረሻ የገቡትን 10 ሰዎች ያስታውሳል። ሁለቱም በተለመደ ቀን ማንም የማያያቸው ቅንብሮች ናቸው፤ የተጻፉት ላልተለመደው ቀን ነው።

«እነዚህ ግሩፖች ይግቡ» የሚለውን መስመር መለወጥ ራሱ ሥራ አለው። ባለሙያው ፋይሉን አስቀምጦ አገልግሎቱን ወዲያው አያስነሣም። መጀመሪያ ፕሮግራሙ ፋይሉን አንብቦ ስሕተት እንዲፈትሽ ያደርጋል። ፍተሻው የሚያየው አጻጻፉን ብቻ ነው፤ የግሩፑ ስም በአንድ ፊደል ቢሳሳት «ትክክል ነው» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ያለበትን መስኮት ሳይዘጋ ሌላ አዲስ መስኮት ከፍቶ ይገባል። ከገባ የመጀመሪያውን ይዘጋል፤ ካልገባ ገና ውስጥ ስለሆነ ይመልሰዋል። በጁኒፐር ራውተሮች ላይ ይህ ጥንቃቄ መሣሪያው ውስጥ ተሠርቶበታል፦ ለውጡን በማረጋገጫ አስገብተህ በ10 ደቂቃ ውስጥ «አዎ» ካላልክ፣ ራውተሩ ራስህን ውጭ ቆልፈሃል ብሎ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። በሊኑክስም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል፤ አሮጌውን ፋይል ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንዲመልስ ቀጠሮ ይያዝለትና፣ ሁሉም ሲሳካ ቀጠሮው ይሰረዛል። በክረምት 55 ኪሎ ሜትር መንዳት የማይፈልግ ሰው ሥራ ነው።

አንድ ሰርቨር ላይ ይህ ይበቃል። በየወረዳው አንድ ካለስ? መንግሥት በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወረዳኔትን ሲዘረጋ ከ500 በላይ ወረዳዎችን ያገናኘው በአብዛኛው በሳተላይት ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ስለሚቆም ምልክት ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ግማሽ ሰከንድ ያህል ያልፋል። በዚያ መስመር ኤስኤስኤች ላይ የሠራ ሰው ስሜቱን አይረሳውም፤ ፊደል ይመታል፣ ይጠብቃል፣ ፊደሉ ይወጣል። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ማጥፊያውም ያው ነው። እጅግ የተጣደፈን ሰው ትዕግሥት የሚያስተምር ነገር ነው፤ ደግሞም በእጅ መጻፍን ትቶ ሁሉን አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ ወደ መላክ የሚገፋ።

በጅምላ የማስተካከል መሣሪያዎች ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1993 ማርክ በርጌስ ኦስሎ ላይ ከሠራው ሲኤፍኢንጂን ይጀምራል፤ በ2005 ፓፔት፣ በ2012 አንሲብል ተከተሉ። የሁሉም ሥር አንድ ሐሳብ ነው። ተራው ሰው ለማሽን የሚጽፈው ትእዛዝ ነው፦ «ይህን መስመር ጨምር»። ሁለት ጊዜ ቢላክ መስመሩ ሁለት ጊዜ ይጨመራል። በእነዚህ መሣሪያዎች የሚጻፈው ግን ሁኔታ ነው፦ «ይህ መስመር እዚህ ይኑር»። ካለ ማሽኑ አይነካውም፤ ከሌለ ያስገባዋል። ስለዚህ ጥሩ የተሠራ ፕሌይቡክ፣ ማለትም በአንሲብል እነዚህ ሁኔታዎች የሚጻፉበት ፋይል፣ ውበቱ የሚታየው ለሁለተኛ ጊዜ ሲሮጥ ነው። በመጀመሪያው ዙር ስክሪኑ ላይ ቢጫ ይበዛል፤ ያ የተለወጠው ነው። ወዲያው ሲደገም ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ ከእያንዳንዱ ሰርቨር ስም ጎን «የተለወጠ፦ 0» ይወጣል። ሁለተኛው ዙር ላይም ቢጫ የሚያሳይ ፕሌይቡክ ካየሁ አንድ ቦታ ላይ ሠሪው ሁኔታን ትቶ ትእዛዝ እንደጻፈ አውቃለሁ፤ ቀስ ብዬ ብፈልግ አገኘዋለሁም።

ከዚያ በኋላ የሚመረምሩት ትንንሾቹን መስመሮች ነው። የኤስኤስኤች ፋይል በሚተካበት ቦታ «ከመተካትህ በፊት አዲሱን ፋይል ፈትሽ» የሚል አለ? ማን በአስተዳዳሪ ሥልጣን መሥራት እንደሚችል የሚወስነው የሱዶ ፋይልስ በራሱ መፈተሻ አልፏል? ሱዶ ላይ አንዲት ምልክት ከተሳሳተች ማንም፣ አስተዳዳሪውም ጭምር፣ ሥልጣን ሊያጣ ይችላል። ሥራው መጀመሪያ በሙከራ መልክ ሮጦ ምን ሊለውጥ እንደሆነ በአሮጌና በአዲስ መስመር ጎን ለጎን ይታያል? ሁሉንም ሰርቨር በአንዴ ይነካል ወይስ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ከመቶ አሥሩን፣ ከዚያ የቀረውን? አንሲብል ውስጥ ይህ አንድ አጭር መስመር ነው፤ መጻፉም መተዉም እኩል ቀላል ነው።

ያችን መስመር መተው ምን እንደሚያስከፍል ዓለም እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 አይቷል። ክራውድስትራይክ ለዊንዶውስ ማሽኖች አንድ የኮንፊግ ፋይል ለሁሉም በአንዴ ላከ። በ78 ደቂቃ ውስጥ ቢመልሰውም በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ማሽኖች ወድቀው ነበር፤ ብዙዎቹንም ሰው እየሄደ በእጁ ነበር የሚያነሣቸው። በዚያው ዓመት መጋቢት እኛ ዘንድም የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በአንድ ሌሊት ከሒሳብ በላይ ገንዘብ መክፈል ጀምሮ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኤቲኤም ላይ የተሰለፉበትን ሌሊት የማያስታውስ የለም። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ተናገረ፤ ብሔራዊ ባንክም ነገሩን ከሲስተም ጥገናና ፍተሻ ሥራ ጋር አያያዘው። የውስጡን ዝርዝር ተወት አድርገን፣ ያ ሌሊት ስለ ሙያው የሚናገረው ነገር አለ፦ ጥገናም እንደ ጠላት በር ሊሰብር ይችላል።

ለፎገራ ሜዳ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የምወደው ሌላ ብልሃት ነው። በጅምላ ለመላክ ሁለት መንገድ አለ። አንሲብል እንደ ነባሪው ይገፋል፤ ማዕከሉ ይደውላል፣ ሰርቨሩ በዚያች ሰዓት መስመር ላይ ካልሆነ «አልተገኘም» ተብሎ ይታለፋል። ፓፔትና የዊንዶውስ ግሩፕ ፖሊሲ ግን ይስባሉ፤ ሰርቨሩ ራሱ በየጊዜው ተነሥቶ «አዲስ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ፓፔት በየ30 ደቂቃው፣ ግሩፕ ፖሊሲ በየ90 ደቂቃው፤ በግሩፕ ፖሊሲው ላይ ሁሉም ማሽን በአንድ ጊዜ እንዳይጮህ ከ0 እስከ 30 ደቂቃ የሚሆን በዕጣ የሚወጣ መዘግየት ይጨመርበታል። ያችን ዕጣ ያሰበ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መቶ ኮምፒውተር በአንዴ የሚበራበትን ቢሮ በዓይነ ኅሊናው አይቶታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ በቆየበት ጊዜ የገፊና የሳቢ ልዩነት የመጽሐፍ ነገር መሆኑ ቀረ። የሚስብ ማሽን መስመሩ ማታ ለግማሽ ሰዓት ብቅ ቢልና የመጠየቂያው ተራ እዚያ ውስጥ ቢገጥም ሰው ሳይነካው ጠይቆ ይዘምናል። ለሚገፋው ግን ማዕከሉ ላይ ያችን ግማሽ ሰዓት የሚጠባበቅ ሰው ያስፈልጋል። አንሲብልንም ገልብጦ እንዲስብ ማድረግ ይቻላል፤ ብዙ ሰው አይሞክረውም እንጂ።

ግሩፕ ፖሊሲ ሌላም ጥሩ ጠባይ አለው። ወረታ ያለው ሰርቨር ላይ «በሪሞት የሚገቡ» የሚለው የአካባቢ ግሩፕ አባላቱ በማዕከል ከተወሰኑ፣ አንዱ ቀስ ብሎ የወዳጁን ስም ቢጨምርበት ስሙ አይቆይም። ፖሊሲው ባይለወጥ እንኳ የደኅንነት ቅንብሮች በየ16 ሰዓቱ እንደገና ይጫናሉ፤ የተጨመረው ስም ያለ ጭቅጭቅ ይወጣል። በአንጻሩ በዚሁ መሣሪያ ፓስወርድ በጅምላ መላክ የቆየ ጥፋት ነበር፤ ፓስወርዱ የተቆለፈበት ቁልፍ በማይክሮሶፍት በራሱ ሰነድ ላይ ታትሞ ስለነበር ማንም ይፈታው ነበር፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። በዓመቱ የመጣው ላፕስ የሚባለው መሣሪያ ለእያንዳንዱ ማሽን የተለየ ፓስወርድ ያወጣል፣ በየጊዜውም ይለውጠዋል። ያ «123» የሚኖርበት ቦታ ያጣው በዚህ ነው።

ለቅርንጫፍ ቢሮ የተሠራም አለ። ዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ይዞት የመጣው የሚነበብ ብቻ የሆነ የዳይሬክተሪ ቅጂ፣ መስመር ሲጠፋ የቢሮውን ሰዎች የሚያስገባ፣ ነገር ግን የሌላውን ዓለም ፓስወርድ የማይይዝ ነው። የማንን ፓስወርድ እንደሚይዝ ደግሞ የሚወስኑት ግሩፖች ናቸው። ሰርቨሩ ሌሊት ተሰርቆ ቢሄድ ማዕከሉ የሚለውጠው የእነዚያን ጥቂት ሰዎች ፓስወርድ ብቻ ነው። ዝርዝሩንም ዳይሬክተሪው ራሱ ያወጣለታል።

ሰዓትም አለ፤ በእኛ አገር የተለየ ጣጣ ያለው። ከርበሮስ የሚባለው የመግቢያ ቲኬት አሠራር በነባሪ ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት አይታገሥም። መብራት እየጠፋ እየመጣ የማዘርቦርዱ ባትሪ ያለቀበት ማሽን ሲነሣ ከዓመታት በፊት የነበረ ቀን ይዞ ይነሣል፤ ወይም አንድ ደግ ሰው «ሰዓቱ ተሳስቷል» ብሎ 8 የነበረውን 2 ያደርገዋል። ስድስት ሰዓት ሙሉ! ፓስወርዱ ትክክል፣ ግሩፑ ትክክል፣ መስመሩ ደኅና፣ ግን አይገባም። በጥሩ ሰው ፕሌይቡክ ውስጥ የመጀመሪያው ሥራ ስለ ግሩፕም ስለ በርም አይደለም፤ ሰዓቱን ከማዕከል እንዲወስድ ማድረግ ነው።

የመጨረሻው ፈተና ማስወጣት ነው። ማስገባትን ሁሉም ይችላል፤ ሰውዬው ቆሞ ይለምናልና። ማስወጣት ግን ጠያቂ የለውም። ባለሙያው ከፎገራ ወደ ደብረ ታቦር ሲዛወር ስሙ ከግሩፑ ይወጣል፤ ነገር ግን በእጁ ያለው ቲኬት በነባሪ ለ10 ሰዓት ያገለግላል፣ የተከፈተ መስኮቱም በራሱ አይዘጋም። ስለዚህ ጠንቃቃው ሠሪ ከግሩፕ ማውጣቱን፣ ክፍት መስኮቱን መዝጋቱንና በየሰርቨሩ የቀረ የኤስኤስኤች ቁልፉን መሰብሰቡን በአንድ ፕሌይቡክ ያስራቸዋል። አካውንቱን አይሰርዘውም፤ ያግደዋል። በሊኑክስ የፋይል ባለቤት የሚመዘገበው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው፤ አካውንቱ ከተሰረዘ ፋይሎቹ ባለቤታቸው ባዶ ቁጥር ይሆናል፣ ያ ቁጥር ነገ ለአዲስ ተቀጣሪ ቢሰጥ ደግሞ ልጁ በማያውቀው ሰው ፋይል ላይ ባለቤት ሆኖ ሥራ ይጀምራል። የተወው ቁጥር ለማንም አይሰጥም። በዳይሬክተሪው ውስጥ ከታገደው አካውንት ሥር በማብራሪያው ቦታ የዝውውሩ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ይጻፋል።